የአርዌ ትንፋሽ፦ በወይራ የታጠነ ቅመም ሻይ፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የቅይጡ መነሻ የአክሱም ተረት ነው። ከነገሥታቱ በፊት አገሩን የሚገዛው አርዌ የሚባል ዘንዶ ነበር። ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ሲገብርለት ኖሮ፣ በመጨረሻ አንጋቦ የሚባል እንግዳ የተመረዘች ፍየል አብልቶ ገደለው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ የሚያሳየው የሸራ ሥዕልም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ዘንዶ ነው።

ከተረቱ ወደ ሲኒ እንዲመጣ የተፈለገው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ሲኒው ወደ አፍ ሲጠጋ የዘንዶው ዋሻ ጭስ ቀድሞ አፍንጫ ጋ ይድረስ። ሲጠጣ ሻዩ ራሱ ይሰማ። ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሙቀት ይቅር። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከመጡ ቅይጡ አልተሳካም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተለካው በዚህ ነው።

ቀን 1፦ መነሻ ሻይ

ለንጽጽር ሦስት ዓይነት ቀረበ። አንደኛው ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው፣ በማሽን ተቆርጦና ተጠቅልሎ እንደ ጥራጥሬ የሚወጣው የአገር ውስጥ ጥቁር ሻይ (ሲቲሲ የሚባለው) ነው። ሁለተኛው ደቀቅ ያለ ግን ቅጠልነቱ የሚታይ ጥቁር ሻይ ነው። ሦስተኛው በጭስ የታጠነው የቻይና ጥቁር ሻይ፣ ላፕሳንግ ሱቾንግ ሲሆን፣ እሱ ለመጠጥ ሳይሆን ለማመሳከሪያ ነው።

አፈላሉ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) 3103 የቅምሻ መስፈርት ነው፦ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል፣ ገና የፈላ ውኃ፣ 6 ደቂቃ። መስፈርቱ ጥሩ ሻይ ማፍላት ምን እንደሆነ የሚናገር አይደለም። ጥቅሙ ሁሉንም ሲኒ በእኩል ሁኔታ ማቅረቡ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃዋ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እዚህ የተጻፉት ደቂቃዎች በዚያ ሙቀት የተለኩ ናቸው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ የሚሞክር ውኃው 100 ዲግሪ ድረስ ስለሚሄድለት 6 ደቂቃውን ወደ 4 ያውርደው፤ አለዚያ ሻዩ ምላስ ይይዛል።

ሲቲሲው በ2 ደቂቃ ውስጥ ጠቆረ፤ በ6ኛው ደቂቃ አፍ የሚያጨማድድ ሆነ። ቅጠሉ ቀለሙን ቀስ እያለ ነው የሰጠው፤ በ6 ደቂቃም ልዝብ ነው። መጀመሪያ የታሰበው 70 ለ30 መቀላቀል ነበር፦ ከቅጠሉ መዓዛውን፣ ከሲቲሲው ኃይሉን ለመውሰድ።

ሐሳቡ እዚያው ቀን ተጣለ። ድብልቁ በጠርሙስ ተደርጎ ሲወዘወዝ ጥራጥሬው በቅጠሉ መሃል እየሾለከ ታች ተከማቸ። ከላይ የተቀዳው ማንኪያ ቀጭን ሻይ፣ ከታች የተቀዳው ሬት ወጣው። መጠኑ ያልተመጣጠነ ነገር በማማሰል አይስተካከልም፤ በመጓጓዝ ላይ እንደገና ይለያያል። ስለዚህ መነሻው ቅጠሉ ብቻ ሆነ። ቅመሞቹም ከቅጠሉ ጋር የሚቀራረብ መጠን ይኑራቸው ተባለ፦ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ዱቄት በጭራሽ።

ቀን 2፦ የትኛው እንጨት

ላፕሳንግ ሱቾንግ የሚመጣው ከፉጂያን ግዛት፣ ከዉዪ ተራሮች ነው፤ ቶንግሙ የምትባለው መንደር ምንጩ ናት። እዚያ ቅጠሉ የሚታጠነው በጥድ እንጨት ጭስ ነው። እሳቱ ከቤቱ ግርጌ ይነዳል፣ ቅጠሉ ፎቁ ላይ ይሰጣል። ጥዱ ሙጫ ስላለው ጭሱ ጣፋጭ የዛፍ ሙጫ ሽታ ያመጣል። ላፕሳንግን ከሌላ የታጠነ ነገር ሁሉ የሚለየው ይህ ነው።

ያንን መኮረጅ አላስፈለገም። አርዌ የፉጂያን ዘንዶ አይደለም። በዚህ አገር ጭስ መልካም መዓዛ ሆኖ የሚታወቀው በወይራ ነው፤ የእርጎ ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠነው በእሱ ነው። ወይራ ጠንካራ፣ ሙጫ የሌለው እንጨት ነው። ሲቃጠል ጉዋያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉት የጭስ መዓዛዎች ይወጡታል፤ የጥዱ ጣፋጭ ሙጫ ግን የለውም። ውጤቱ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ የታጠነ ቅል ከፍቶ የማሽተት ያህል ነው።

ሌሎቹ በትንሹ በ20 ግራም ቅጠል ተሞከሩ። የሐበሻ ጥድ ጭሱ ይከረክራል፣ ሻዩንም የቁም ሣጥን ሽታ ያሲዘዋል። ባሕር ዛፍ ወዲያው የጉንፋን መድኃኒት ሆነ። ሁለቱም ተጣሉ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው የአናጢ ቤት ፍልጥ ለማንኛውም ምግብ አይነካም።

ቀን 3፦ ማጠኛው፣ የመጀመሪያው ብልሽት

ዕቃው ቀላል ነው፦ የከሰል ማንደጃ፤ ከሥሩና ከላዩ የተከፈተ፣ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ንጹሕ ቆርቆሮ በርሜል (የዘይት ሳይሆን የምግብ)፤ በርሜሉ አፍ ላይ የሚያርፍ የሽቦ ወንፊት፤ በላዩ የታጠበ አቡጀዲ፤ መክደኛ። ከማንደጃው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጭሱ በጎንና በጎን እንዲያልፍ ጠበብ ያለ ቆርቆሮ ተጋድሟል። ያ ቆርቆሮ የፍሙን ቀጥታ ሙቀት ይከለክላል።

100 ግራም ቅጠል ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተሰጣ። ከታች ሦስት ፍም፣ በላዩ 40 ግራም የወይራ ፍልጥ። በርሜሉ ግጥም ተደርጎ ተከደነ።

በ40 ደቂቃ ሲከፈት መክደኛው ከውስጥ በኩል ቡናማ ላብ አልቦታል። ላቡ ተንጠባጥቦ ቅጠሉ ላይ እንደ ሳንቲም ያሉ ነጠብጣቦች ጥሏል። ነጠብጣቡን በጣት ሲነኩት ይጣበቃል፣ ጣቱም ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ሽታው አልለቀቀም። ሻዩ ሲፈላ ቅጥራን ነው፦ ምላስ ላይ ይተኛል፣ በውኃም አይወርድም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ፍልጡ እርጥበት ነበረው፤ እርጥብ እንጨት ሳይነድ ይጨሳል፣ የሚወጣውም ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ነው። በዚያ ላይ አየር ስለታፈነ ጭሱ ማለፊያ አጥቶ ቀዝቃዛው መክደኛ ላይ ወደ ፈሳሽ ተቀየረ። 100 ግራሙ በሙሉ ተደፋ፤ ነጠብጣቡን ለቅሞ ቀሪውን ማዳን አይቻልም፣ ሽታው ሁሉንም ደርሶታል።

ቀን 4፦ ሁለተኛው ዙር

ማስተካከያው፦ ቢያንስ አንድ ዓመት የደረቀ ወይራ፣ እንደ እርሳስ ቀጠን ተደርጎ ተፈለጠ። መክደኛው ሦስት ጣት ያህል ክፍት ሆነ፤ ከሥሩም ላቡን የሚመጥ ደረቅ አቡጀዲ ተወጠረ። ፍልጡ በአንዴ ሳይሆን በየ15 ደቂቃው 10 ግራም እየተጨመረ ገባ። ትክክለኛው ጭስ ስስና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ በውስጡ አሻግሮ ማየት ይቻላል። ነጭ ሆኖ ከተጠቀለለ ፍሙ አየር አንሶታልና ማንደጃው ይራገብ፣ ወይም ፍልጡ ይውጣ።

ወንፊቱ ላይ የተቀመጠው ሙቀት መለኪያ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ መሃል ቆየ። ከ60 ካለፈ ቅጠሉ የራሱን መዓዛ ይለቃል፤ የጭስ ሻይ ሳይሆን የተቆላ ቅጠል ይሆናል።

ቅጥራን የለም። ሌላ ችግር ግን አለ፦ የመጀመሪያው ፍል ጭስ ብቻ፣ በዚያው ቅጠል የተፈላው ሁለተኛው ሻይ ብቻ። ጭሱ ቅጠሉ ላይ ተቀባ እንጂ ውስጡ አልገባም። ደረቅ ቅጠል ጭስ አይቀበልም። የጭሱ መዓዛዎች የሚሟሙት በእርጥበት ስለሆነ ስስ የውኃ ሽፋን ያስፈልጋቸዋል። 

ቀን 5፦ ሦስተኛው ዙር፣ የጸናው አሠራር

100 ግራም ቅጠል ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ 8 ሚሊ ሊትር ውኃ በመርጫ ተካፋበት። በእጅ እየተገላበጠ ተካፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ 20 ደቂቃ ተቀመጠ። ውኃው ከ10 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጭሱም የላይኛውን ብቻ ያገኛል።

ከዚያ 90 ደቂቃ ታጠነ፤ በየ30 ደቂቃው ተገላበጠ። ሲወጣ በምድጃ በ75 ዲግሪ፣ በሩ ትንሽ ተከፍቶ፣ 25 ደቂቃ ደረቀ። መድረቁን በእጅ ብቻ አትፍረዱ፤ ሚዛን ይፍረድ። ከመታጠኑ በፊት 108 የነበረው 100 ወይም 101 ግራም ላይ ሲደርስ በቃ። 104 ላይ ታሽጎ የቀረ አንድ ናሙና በሁለተኛው ሳምንት የሻገተ ሽታ አምጥቷል። እጁ ላይ ደረቅ ይመስል ነበር፤ እርጥበቱ ግንዱ ውስጥ ነው የሚደበቀው። የቅጠሉ ግንድ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አንድ ነገር። በጭስ የታጠነ ሻይ ጥላሸት አዘል ውህዶች ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት በሻይ ቅጠል ላይ ለአንትራኪኖን (ከጭስ ሊመጣ ለሚችል አንድ ውህድ) ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 0.02 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ የታጠነ ሻይ ይህን ጣሪያ ማለፍ አይከብደውም። ስስ ጭስ፣ ደረቅ እንጨት፣ ከፍሙ መራቅ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለዚህም ያስፈልጋሉ። በቤት የታጠነ ሻይ ሳይመረመር ለገበያ አይወጣም።

ቀን 6 እና 7

ቅጠሉ በወረቀት ከረጢት፣ አፉ ክፍት። ምንም አይነካም። በዚህ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ጭሱ ስለታም ሆኖበት ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል።

ቀን 8፦ ቅመሙ

መጀመሪያ የቀረበው የተለመደው የሻይ ቅመም ነበር፦ ለ100 ግራም ሻይ ቀረፋ 6 ግራም፣ ቅርንፉድ 2 ግራም፣ ሄል 4 ግራም። ላልታጠነ ሻይ ጥሩ ነው። ለዚህኛው አልሆነም፤ ሲኒው የጥርስ ሐኪም ቤት ሸተተ።

ጥፋተኛው ቅርንፉድ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስገርም ነው። የቅርንፉድ ዋና መዓዛ ዩጀኖል ይባላል፤ ዩጀኖል ከጭሱ ጉዋያኮል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ጅራት የተቀጠለበት ጉዋያኮል ማለት ይቻላል። የወይራው ጭስ ሲገባ ቅጠሉ ውስጥ ግማሽ ቅርንፉድ አስቀድሞ ገብቷል። በዚያ ላይ 2 ግራም ሲጨመር አንድ ድምፅ በሁለት ማጉያ እንደመልቀቅ ነው። በ0.5 ግራም፣ ማለትም በአምስት ስድስት ፍሬ፣ ቅርንፉዱ ለብቻው አይለይም፤ ጭሱን ግን ክብ ያደርገዋል። ጨርሶ ሲወጣ ጭሱና ቀረፋው ተለያይተው ቆሙ። ስለዚህ ግማሿ ግራም የግድ ናት፤ ቅይጡን የምታስተሳስረው እሷ ናት።

ሄሉ በኮረሪማ ተተካ። ሄል አበባ አበባ ይላል፣ ከጭስ ጋር ሽቶ ይሆናል። ኮረሪማ ቀዝቀዝ ያለ፣ የደን ሽታ አለው፤ ከወይራ ጋር የኖረ ነው። ቅርፊቱ ይፈልፈል፣ ፍሬው ብቻ ይመዘን። ቀድሞ ተፈልፍሎ የተሸጠ አይገዛ፤ መዓዛው ተኗል።

ለሙቀቱ ቁንዶ በርበሬ ተሞክሮ ነበር፤ ከፊት ለፊት ምላስ ጫፍ ላይ ይነድፋል። የተፈለገው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ጥምዝ ቦታውን ያዘ። ጥምዝ በልማድ በእሳት ጭስ ላይ የሚደርቅ በመሆኑ ጢስ ጢስ ይላል፤ ወደ ቅይጡ ሲገባ እንግዳ አይደለም። ሙቀቱም ከምላስ ይልቅ ወደ ጉሮሮ ያደላል። ደረቅ ዝንጅብል ይደግፈዋል፤ ዝንጅብል ሲደርቅ ማቃጠሉ ስለሚጨምር መጠኑ ከእርጥቡ በጣም ይነስ።

ቅመሞቹ በሙቀጫ ተሰነጠቁ እንጂ አልተወቀጡም፦ ዘነዘናውን ከፍ አድርጎ ሳይሆን አስደግፎ ማሽከርከር። ደቃቁ በወንፊት ተነፋ፤ የወረደው ዱቄት ለወጥ ይሁን። በተለይ የቀረፋ ዱቄት ሻዩን እንደ ተልባ ያዝለገልገዋል።

ቀን 10፦ ሙቀቱ የት ሄደ?

ሚዛኑ ተስተካክሎ፣ 6 ደቂቃ ተዘፍዝፎ፣ ጉሮሮ ላይ ምንም የለም። ጥምዙ ከ2 ወደ 4 ግራም ከፍ ሲል ሽታው ጨመረ፣ ሙቀቱ ግን ያው።

ጥምዝንም ሆነ ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው ፒፐሪን ውኃ ውስጥ እንደልብ አይሟሟም፤ በዘይትና በአልኮል ነው የሚወጣው። በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ አይበቃውም፤ እሳት ላይ መንተክተክ ይፈልጋል። ታጥኖ የደረቀው ቅጠል ደግሞ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ እንደ ልማዳችን በማንቆርቆሪያ ከተቀቀለ በ5 ደቂቃ ጭሱ ከእንፋሎቱ ጋር ቤቱን ሞልቶ ሲኒው ባዶውን ይቀራል። ምሬቱ ብቻ ይተርፋል።

መፍትሔው ቅይጡን ለሁለት መክፈል ሆነ። አንደኛው ከረጢት ጥምዝና ዝንጅብል፤ ይቀቀላል። ሁለተኛው የታጠነው ቅጠል ከቀረፋ፣ ከኮረሪማና ከቅርንፉድ ጋር፤ አይቀቀልም። በአንድ ቆርቆሮ የሚሸጥ ሻይ ቢሆን ይህ ያስቸግራል። ለቤት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም፤ ጥምዙን ስናበዛ ብንውል ኖሮ ሽታው ብቻ ነበር የሚከብደው።

ቀን 11፦ የመጨረሻው ሚዛን

ለ100 ግራም የታጠነ ቅጠል፦ ቀረፋ 5 ግራም፣ የኮረሪማ ፍሬ 4 ግራም፣ ቅርንፉድ 0.5 ግራም። ለብቻው ከረጢት፦ ጥምዝ 3 ግራም፣ ደረቅ ዝንጅብል 3 ግራም። 400 ግራም ቅጠል በአራት ዙር ታጥኖ ተዋሐደና በጠርሙስ ታሸገ። አራቱን ዙር ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀን ነፋስ ይኖራል፣ ሌላው ቀን ፍሙ ይበረታል፣ ጭሱ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ቀን 25፦ ቅምሻ

ሁለት ሳምንት ካረፈ በኋላ። አራት ሲኒ፣ ከሥራቸው ቁጥር ተጽፎ፣ ቦታቸው ተለዋውጦ፦ ያልታጠነው ቅጠል፣ የታጠነው ያለ ቅመም፣ ሙሉው ቅይጥ፣ ላፕሳንግ። ለ300 ሚሊ ሊትር ውኃ ከጥምዙ ከረጢት 0.3 ግራም ገደማ ገብቶ ክዳኑ ተገጥሞ 7 ደቂቃ ተንተከተከ፤ ከእሳት ወርዶ በራድ ውስጥ ባለ 6 ግራም ቅይጥ ላይ ፈሰሰና 5 ደቂቃ ቆየ። ይህ ለሙሉው ቅይጥ ብቻ ነው።

ደረቁ ቅጠል፦ ቀረፋ፣ ከኋላው የታጠነ ቅል። እርጥቡ ቅጠል ክዳኑ ሲነሳ፦ ጭስ ቀድሞ፣ ኮረሪማ ተከትሎ። እርጥቡን ማሽተት አይዘለል፤ ብልሽት ካለ ከሲኒው በፊት እዚያ ይጋለጣል።

መልኩ ቀይ ቡናማ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ቀለበት አለው። አንድ ጊዜ ገጹ ላይ ስስ ቅባት መሳይ ንጣፍ ታይቶ ነበር። ከጭሱ አይደለም፤ ኖራ የበዛበት ውኃ ከሻዩ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ነው፣ ውኃው ሲለወጥ ጠፋ።

በ70 ዲግሪ ጭሱ ያይላል። በ50 ሻዩ ራሱ ይወጣል፣ ቀረፋው ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ከተዋጠ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ሙቀቱ ከጉሮሮ ሥር ተነስቶ ደረት ድረስ ይወርዳል፤ ያቃጥላል ከማለት ያሞቃል ማለት ይቀላል። ተረቱ የፈለገው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፣ መጣ። ዋናው ፈተና በ35 ዲግሪ ነው፦ ቅጥራን ያለበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጋለጠው። በቀን 5ቱ አሠራር የታጠነው ቅጠል ቀዝቅዞም ንጹሕ ነው። ላፕሳንጉ ከጎኑ ሲቀመስ ጣፋጭና ሙጫ ሙጫ የሚል፣ ለስላሳ ነው፤ ወይራው ከእሱ የደረቀና የጠነከረ። የትኛው ይሻላል የሚባል ነገር የለም፣ ሁለት የተለያየ ዛፍ ናቸው።

ስኳር፦ በ150 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጭሱን ወደ ተቃጠለ ስኳር ይለውጠዋል፣ ሙቀቱንም ያዘገየዋል፤ መልካም ነው። ሁለት ማንኪያ ኮረሪማውን ይሸፍናል። ወተት ምሬቱን ይይዛል፣ ጭሱን ግን ያደበዝዛል፤ በወተት የሚጠጣ ሰው ቅጠሉን ለ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ያድርገው። ጥምዙን ወተት ውስጥ መቀቀል ደግሞ ቅባቱ ፒፐሪኑን ስለሚያወጣው ሙቀቱን ይጨምራል። ሎሚ አይሆንም፤ መልኩን ያገረጣዋል፣ ከጭሱም ጋር ይጣላል። አጠገቡ የገብስ ቆሎ ይቅረብ።

ወይራ ለማያገኝ

ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላለ፣ በረንዳ ላይ ፍም ማያያዝ ለማይፈቀድለት፦ 20 ግራም ላፕሳንግ ከ80 ግራም የአሳም ወይም የሲሎን ቅጠል ሻይ ጋር ይደባለቅና ቅመሙ በዚያው ሚዛን ይግባ፤ ቅርንፉዱ ግን 1 ግራም ይሁን፣ ጭሱ ስለሚያንስ ይሸከመዋል። ላፕሳንጉ ከ30 ግራም ካለፈ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ጥምዝ ካልተገኘ የኢንዶኔዥያው ረጅም ቁንዶ በርበሬ ይቀርበዋል። ከጭሱ ውጪ ያለው ሥራ ሁሉ ያው ነው፣ ሁለቱን ከረጢት መለየቱም ጭምር።

ቀን 40

በጠርሙስ ያለው ጭሱ ረግቧል፣ ቀረፋው ቅጠሉን ዘልቆታል፤ እስካሁን ከተቀመሱት ምርጡ ይህ ቀን ነው። በፕላስቲክ ከረጢት የተቀመጠው ናሙና ግማሽ መዓዛውን አጥቶ አጠገቡ የነበረውን ቡና አጥኖታል። የታጠነ ሻይ መደርደሪያ ላይ ከቡና፣ ከሩዝና ከሌላ ሻይ ተለይቶ፣ በጠርሙስ ወይም ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ይቀመጥ። 260 ግራም ቀርቷል። ቀጣዩ ቅምሻ ቀን 90 ላይ ነው፤ ለዚያ 30 ግራም ተለይቶ ታሽጓል፣ ጠርሙሱ ላይ የዙሩ ቁጥርና የማጠኑ ቀን ተጽፏል።